ተራውን ያልጠበቀ ባሕር

መርሳ ላይ ቦዩ ለጠረጋ ሲዘጋ የሚወጣ ሽታ አለ። የሞቀ ጭቃ፣ የበሰበሰ ሣር፣ ውኃ የከዳው ድንጋይ ሽታ ነው። ባለፈው ለሠርግ ተጠርቼ ከወልድያ ስሄድ፣ ከሚኒባሱ ገና ስወርድ አፍንጫዬን መታኝ። ቦዩ ዛሬ ሲሚንቶ ሆኗል፤ ባጃጅ በጎኑ ይመላለሳል፤ ሽታው ግን ያው ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ሳብኩት። ለእኔ የመርሳ ሽታ ብቻ አይደለም። የአሰብም ሽታ ነው።

ሠርጉ የሐዋ የልጅ ልጅ ነበር። ሐዋ የጎረቤታችን የያሲን ልጅ ናት፤ አብረን ነው ያደግን። ዳሱ ውስጥ ከሴቶቹ መሀል አስቀምጣኝ ለማያውቁኝ ወጣቶች ታስተዋውቀኝ ጀመር። "ይቺን ታያላችሁ? በልጅነቷ ባሕር አይታ መጥታ፣ ባሕሩ ተነስቶ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ ብላ ድርቅ ያለች ናት። በዚሁ እልኳ የአባቷን በቆሎ አደረቀችው።" ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይህን ወሬ በየሠርጉና በየሰደቃው ስሰማ አብሬ መሳቅ ለምዶብኛል። ሐዋ ግን በቆሎው ሲደርቅ ውኃው የማን ማሳ ውስጥ እንደነበር ተናግራ አታውቅም። እኔም እስከ ዛሬ አልተናገርኩባትም። የእሷም አባት የእኔም አባት አፈር ከሆኑ ቆይተዋል። አሁን ብጽፈው የሚከፋው ሰው ካለ ይክፋው።

ባሕሩን ያየሁ ዓመት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የቦያችን የውኃ አባት ነበር። የውኃ አባት ማለት ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች መርጠው ተራ እንዲያከፋፍል የሾሙት ሰው ነው። በበጋ ወንዙ ለሁሉም ማሳ በአንድ ጊዜ አይበቃም፤ ስለዚህ እገሌ ማክሰኞ ጠዋት፣ እገሊት ማክሰኞ ከሰዓት እየተባለ ይደለደላል። ሰዓት ያሰረ ሰው ስላልነበረ ተራው የሚለካው በጥላ ነበር። አባቴ ቀጥ ብሎ ይቆምና የራሱን ጥላ በእግሩ ይሰፍራል። ጥላው የተባለው ጫማ ሲሞላ የአንዱ ማሳ መክፈቻ በጭቃና በሣር ይደፈናል፣ የቀጣዩ ይከፈታል። በዚህ የተነሳ ከአባቴ ጋር የተኳረፈ ሰው ብዙ ነው፤ አዳላህ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ። የቤታችን ተራ ሲደርስ ቦዩን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ውኃ የሚሰርቅ ሰው ግድቡን በዶማ አያፈርስም። በጣቱ ቀዳዳ ይበሳና እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ሌባውን ሳይሆን ውኃውን ነው መጠበቅ። እግሬን ቦዩ ውስጥ ነክሬ እቆማለሁ። ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ ዝቅ ካለ ከላይ ሰው ነክቶታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሽቅብ እሮጣለሁ። አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው፤ ውኃ በራሱ አይጎድልም። ይህን ከአልፋቲሃ ቀጥሎ የማውቀው እውነት አድርጌ ይዤው ነበር።

እግሬ ውኃ ውስጥ ሲውል፣ ሲደርቅ፣ ሲውል፣ ሁለቱም ባቶቼ ላይ ችፌ ወጣ። እናቴ ያልቀባችኝ ቅጠል የለም፤ አንዱም አልሻረኝም። በዚህ መሀል ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ እንድሪስ፣ ከኮምቦልቻ ሊጠይቀን መጣ። አጎቴ ከአሰብ ወደብ በተሳቢ መኪና ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። እግሬን አገላብጦ አየና ይህ፣ የባሕር ውኃ አንድ ቀን ቢነካው ይደርቃል አለ። እናቴ እሺ እስክትል ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ከአጠገቡ ለአፍታ እንደማያርቀኝ በአላህ ስም ማለላትና ተነሳን። ይህን መሐላ ልብ በሉልኝ።

ከውርጌሳ አልፈን የሐይቅን ውኃ ከጋቢናው መስኮት ሳይ የደረስን መስሎኝ ጫማዬን ማጥለቅ ጀመርኩ። አጎቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። "ይሄማ የባሕር ምራቁ ነው" አለኝ። ከባቲ ወዲያ ተራራው አለቀ፤ ከሚሌ ወዲያ ዛፉ አለቀ። ያለ ውኃ የተዘረጋ መሬት ያን ያህል ሊረዝም እንደሚችል አላውቅም ነበር። አባቴ ቢያየው ያዝን ነበር ብዬ አሰብኩ።

አሰብ የገባነው በማለዳ ነው። የጋቢናውን በር ስከፍት ነፋሱ ከእቶን እንደሚወጣ ወላፈን ፊቴን ላሰኝ። መኪኖቹ ከከተማው ዳር ጀምረው ተሰልፈዋል፤ ወረቀት የያዘ ሰው እየዞረ ቁጥር ይሰጣል። እዚህም የውኃ አባት አለ ማለት ነው ብዬ ልቤ ተረጋጋ። የአጎቴ ተራ ለማግስቱ ጠዋት ሆነ። ቀኑ ሙሉ የእኛ ነበር።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ነጭና ሰማያዊ የተቀቡ የእንጨት ቤቶች፣ አሸዋ የሞላባቸው መንገዶች፣ ካርቶን የሚበሉ ፍየሎች። ወንዶቹ ሽርጥ አሸርጠው በየጥላው ይቀመጣሉ፤ ስናልፍ "ሰላም ዓለይኩም" ይላሉ፣ አጎቴም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይመልሳል። በልቤ ከመርሳ አትበልጥም ብዬ ንቄያት ነበር። መርሳ ብርቱካን አላት፣ ፓፓዬ አላት፤ ይቺ አንድ ለምለም ነገር የላትም። እንዲህ እያልኩ የመንገዱን ጥግ ስንዞር ንቀቴ አፌ ውስጥ ቀረ።

መጀመሪያ የፈለግሁት ማዶውን ነው። ውኃ ካለ ማዶ አለ። ዓይኔን እያሻሸሁ ብፈልግ ማዶ የለውም። ቀጥዬ ምንጩን ፈለግሁ፤ ከየትኛው ተራራ እንደሚወርድ አጎቴን ስጠይቀው ከየትም አይወርድም፣ እዚሁ ነው የሚኖር አለኝ። መርከቦቹ ውኃ ላይ የተሠሩ የብረት ቤቶች መሰሉኝ። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ ሲዞር ባየሁ ጊዜ፣ ውስጡ ያሉት ሰዎች ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቂብላ አይጠፋባቸውም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዛሬም ጥሩ ጥያቄ ይመስለኛል። ወደቡ ላይ ክሬኑ አንገቱን እየደፋ ጆንያ ሲያነሳ ከሰው ሁሉ ጋር ቆሜ አየሁት፤ እንደ ሽመላ ነበር፣ የሚውጠው ግን የለም።

ከዚያ አጎቴ ቀሚሴን እንድሰበስብ ነግሮኝ እስከ ጉልበቴ አስገባኝ። ችፌው ላይ ውኃው እሳት ሆነ። ብቀምሰው ጨው ነው። ከላይ በኩል የጨው ጆንያ ያጠበ ሰው አለ ብዬ ለአጎቴ ስነግረው፣ እሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ባሕሩ ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ባለቤቷ እትዬ ራህመት የሚባሉ የውርጌሳ ሰው ነበሩ፤ ዓሣና ሙፎ የሚባል የሸክላ ምድጃ ዳቦ ለሾፌሮች ይሸጡ ነበር። አጎቴ ለአንድ ሰዓት ያህል ጓደኞቹ ጋ ደርሶ እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄደ። የት እንደሄደ ያን ቀን አላወቅሁም። የሾፌሮች ጫት ቤት ገብቶ፣ ቅሞ፣ እዚያው ተኝቶ እንደዋለ ያወቅሁት በኋላ ነው። የተመለሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

እትዬ ራህመት የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የውኃ አባት ልጅ መሆኔን ነገርኳቸው።

"እንግዲያ የአባትሽ መሬት መጥተሻል" አሉና ሳቁ። "ነይ፣ ላስጎብኝሽ።"

ነጠላቸውን አጥፈው ራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝና ወጣን። ዓሣ ከሚራገፍበት ወሰዱኝ፤ እንደ ሕፃን የሚከብድ ዓሣ አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ዓይኑ አልተከደነም፤ ለምን አይከድኑለትም ብዬ አዘንኩ። ጀልባ የሚሠሩ ሽማግሌዎች ሳንቃውን ሳንቃ ላይ ሲገጥሙ አየን። ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጨው እርሻ ነው። እርሻ የምለው ለማጋነን አይደለም። እንደ እኛው ቦይ አላቸው። እንደ እኛው መክፈቻ አላቸው። የባሕሩን ውኃ በቦይ እየሳቡ ወደ መደብ ይለቁትና ፀሐይ ያበስለዋል፤ ጨው ሆኖ ነጭ ብሎ ይነሳል።

ከተነሳሁ ጀምሮ የማውቀውን ነገር ያየሁት እዚያ ነው። መደቦቹን እየዞርኩ መረመርኩ። አንዱ መክፈቻ በሥሩ ያንጠባጥባል። አካፋ ተደግፈው ለቆሙት ሽማግሌ በጣቴ አሳየኋቸው። እሳቸው አጎንብሰው አዩ፣ ጭቃ አፍሰው በተረከዛቸው ረገጡት፣ ከዚያ ለእትዬ ራህመት በዓረብኛ አንድ ነገር አሉ። ይቺ ልጅ የማን ናት ብለዋል አሉኝ እትዬ ራህመት። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ቀና ብዬ ነው የሄድኩ።

እትዬ ራህመት ዙሁርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ሰግደው እስኪጨርሱ ደጃፍ ላይ ቆይቼ ወደ ባሕሩ ተመለከትኩ። ባሕሩ የለም።

በሙሉ የለም ማለቴ አይደለም፤ ርቆ ሄዷል። ጠዋት እስከ ጉልበቴ የገባሁበት ቦታ ጭቃ ሆኗል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ትናንሽ ፍጥረቶች በጭቃው ላይ በጎን በጎን ይሮጣሉ። ያ የቦያችን ሽታ፣ ውኃ የከዳው ድንጋይ ሽታ፣ አየሩን ሞልቶታል። ሌላው ሰው ሁሉ ሻዩን ይጠጣል፤ ማንም አልተነሳም። ይህን ያህል ውኃ ተሰርቆ አንድ የሚጮህ ሰው የሌለበት ከተማ ምን ዓይነት ከተማ ነው?

ማን እንደሰረቀው ደግሞ አውቄዋለሁ። ከእኒያ ጨው ገበሬዎች በቀር ቦይ ያለው ሰው አላየሁም። ስለዚህ በዚያ ፀሐይ ተነስቼ ሮጥኩ። እትዬ ራህመት ከኋላዬ ስሜን እየጠሩ ተከተሉኝ። ሽማግሌው ጋ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር፤ ተራው የማን እንደሆነና ማን ፈቅዶላቸው እንደከፈቱ ጠየቅኋቸው። እትዬ ራህመት ደርሰው እየሳቁ፣ እያለከለኩ አስተረጎሙልኝ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ይህን ውለታቸውን አልረሳውም። እጄን ይዘው ወደ ቦያቸው አፍ ወሰዱኝ። ደረቅ ነበር። እኛ አልወሰድነውም፣ እኛም የምንጠብቀው ነን አሉኝ። ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣ እንከፍታለን፣ ሲሄድ እንዘጋለን። ማን እንደሚልከው ስጠይቃቸው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ።

አላመንኳቸውም። የውኃ ሌባ ሁሉ መልስ አያጣም። የማምነው ሳየው ብቻ ነበር። ስለዚህ ወደ ባሕሩ ዳር ተመለስኩና የአባቴን ሥራ ሠራሁ። ከደረቁ መሬት ጀምሬ ውኃው እስካለበት በጭቃው ላይ እየሄድኩ፣ በየስምንት እርምጃው አንድ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ሰባት ሆኑ። ለጥላው ደግሞ እንጨት ተከልኩ። ከዚያ እግሬን መጨረሻው ድንጋይ አጠገብ ነክሬ ቆምኩ።

እትዬ ራህመት ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። ሦስተኛ ጊዜ ራሳቸው ሻይና ሙፎ ይዘውልኝ መጡና፣ "እንግዲህ ባሕር ላይ ተሾምሽ፣ አላህ ያበርታሽ" ብለውኝ አጠገቤ ተቀመጡ።

የአስር ሶላት ከመሰገዱ በፊት ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ነካ። ከዚያ አለፈው። ወደ ኋላ ሸሸሁና የመጀመሪያው ድንጋይ ሲሰጥም አየሁ። ነፋስ አልነበረም፣ ዝናብ አልነበረም፣ ማንም ምንም አልከፈተም። ሁለተኛው ሰጠመ። በየድንጋዩ የእንጨቴን ጥላ ለካሁ። የተጋደሙት ጀልባዎች አንድ በአንድ፣ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ ሰው ቀና አሉ። አጎቴ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ ሲመጣ አምስቱ ድንጋዮች ውኃ ውስጥ ነበሩ። በዕድሜዬ ሙሉ ሠርቼ ከማውቀው ሥራ ሁሉ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት የለም። ሌላው ሰው ባሕር ያያል። እኔ ለካሁት።

መርሳ ስመለስ ችፌው ደርቆ ነበር። ያን ማንም አልካደም። የቀረውን ግን እራት ላይ ሳወራ እናቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። ልጄ የምትለው እውነት ነው ወይ አለችው። አጎቴ የመኪናውን ቁልፍ እያገላበጠ፣ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ እንዳልተለየሁና እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየ ተናገረ፤ ፀሐይ መትቷት ይሆናል አለ። መሐላው ነበረበታ። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ግን ቁልፉን ነው የሚያይ። ጥሎኝ እንደዋለ ብናገር እናቴ ሁለተኛ ቤቷ አታስገባውም ነበር። እወደው ነበርና ዝም አልኩለት። እሱ ደግሞ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ከዚያ ወዲያ የሐረር ሰንጋ ቢያመጣልኝም እኔና እሱ እንደ ዱሮው አልሆንንም።

ከዚያ ወሬው ወጣ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ወንዙን ስንሻገር "ዚነት፣ ዛሬ አልሄደም እንዴ?" ይሉኛል። አስተማሪያችን ክፍል ፊት አቁሞኝ፣ ባሕር እንደ ውሻ ወጥቶ እንደማይገባ ነገረኝ። ሐዋ ከሁሉ በላይ ሳቀች። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ ያው መልስ መለስኩ። እኔን ከዚያ በላይ ያቃጠለኝ አባቴ ነው። አባቴ አልሳቀብኝም፤ እውነት ነውም አላለም። ሰዎች ስለ እኔ ሲያነሱበት ወሬ ይቀይር ነበር።

ጉዳዩ ቀልድ መሆኑ የቀረው በቆሎአችን አበባ ሲያወጣ ነው። በቆሎ ያን ሰሞን ሁለት ተራ ውኃ ካመለጠው ፍሬ አይዝም፤ የዓመቱ እንጀራችንም እሱ ነበር። ተራችን ነበር፣ እኔም እንደ ወትሮዬ ቦዩ ውስጥ ቆሜያለሁ። ውኃው ከቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ሽቅብ ስሮጥ የሐዋን አባት ያሲንን አገኘሁት። ክንዱ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው፤ ውኃችን በጎን ቀዳዳ ወደ ሽንኩርት ማሳው እየገባ ነው። አየኝ። እኔም አየሁት። እጁን አራግፎ፣ ማን ያምንሻል ብሎኝ ሄደ።

አባቴ የራሱን ጉዳይ ራሱ ሊዳኝ አይችልም። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ቦያችን ከወንዙ በሚጠለፍበት መጥለፊያ ላይ ተቀመጡ፤ የቦዩ ሰው ሁሉ ቆመ። ሕጉ ጥብቅ ነው። የሰረቀ ሰው ቀጣይ ተራውን ለተሰረቀው ይለቃል። ከሳሹ ግን የሚታመን ምስክር ከሌለው ሰው ስም አጥፍቷልና የራሱን ቀጣይ ተራ ያጣል። ምስክሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ተራ ትናንት ተሰርቋል፤ ሁለተኛው በእኔ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ያየሁትን ተናገርኩ። ያሲን አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ወደ ሰዉ ዞረና፣ ይቺ ልጅ ባሕር እንኳ ተሰረቀብኝ ያለች ናት፣ እኔን ሌባ ብትል ምን ይገርማል አለ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አባቴ እግሮቹን ነበር የሚያይ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ሸህ ይመር ደግ ሰው ነበሩ። በእጃቸው ሰዉን ዝም አሰኙና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ ጠልተንሽ አይደለም። የባሕሩን ነገር የልጅ ጨዋታ ነው በይና እንለፈው። ከዚያ ያሲንን አየሁ ስትዪ ቃልሽን እንቀበላለን።"

ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ሆና በዓይኗ እሺ በይ ትለኛለች። በቆሎው ከጀርባዋ ይታየኛል። የምለውን ቀድሜ አላሰብኩትም፤ አፌ ራሱ አወጣው።

"ሸህ፣ ሁለቱንም ያየሁ በእነዚሁ ዓይኖች ነው" አልኳቸው። "አንዱን ሐሰት ካልኩ ሌላውን በምን አየሁት ልበል?"

ሸህ ይመር ቢከፋቸውም ከሕጉ መውጣት እንደማይችሉ ተናገሩ። ተራችንን አጣን። ያሲን በአጠገቤ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ፣ "እንግዲያ ባሕሩ በቆሎአችሁን ያጠጣላችሁ" አለኝ። ሐዋ እጁን ይዛ ነበር። እሷም ሰምታዋለች። በየሠርጉ ስታወራ ይህን የምትዘለው ረስታው አይመስለኝም።

እናቴ ሳታናግረኝ ቀድማ ሄደች። ሰዉ ተበተነ። እኔና አባቴ የደረቀውን ቦይ ይዘን ወደ ቤት ወረድን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቁጣውን ስጠብቅ ነበር። እንዲቆጣኝ እፈልግ ነበር ማለት ይቻላል፤ እኔም የምመልስለት ነበረኝ። መንገዱን እኩል ያህል ከሄድን በኋላ ዞር ሳይል ተናገረ።

"ሲመለስ እንዴት ነው የሚመለስ?"

ምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። ሰው ሁሉ ባለበት ሊጠይቀኝ ይችል ነበር፤ ያን ያህል ሰው ፊት እግሩን ሲያይ ቆይቶ አሁን ለብቻችን ስንሆን ነው የጠየቀኝ። ስለዚህ አልመለስኩለትም። ጥቂት ሄድን።

አባቴ ቆመ። ዞረ። ቦዩ ውስጥ ወርዶ ከእኔ ቁመት ጋር እኩል ሆነ።

"ዚነት፣ ሲመለስ እንዴት ነው የሚመለስ? ከየት በኩል ነው የሚጀምር?"

ያን ጊዜ ነገርኩት። መጀመሪያ በጭቃው ጎድጎድ ጎድጎድ ባለው በኩል፣ እንደ ክር ቀጥኖ እንደሚገባ። ድምፅ እንደሌለው። ክሮቹ እየሰፉ እርስ በርስ ከተገናኙ በኋላ ደረቁ መሬት ደሴት ደሴት እየሆነ እንደሚቀር፣ ከዚያ ያም እንደሚጠፋ። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ የእንጨቴ ጥላ ስንት ጫማ እንደጨመረ፣ የአምስቱንም ነገርኩት። ጨው የሚያመርቱት ሰዎች እሱን ጠብቀው እንደሚከፍቱና እንደሚዘጉ ነገርኩት። አባቴ ሥራውን እንደሚሰማ ሰው እየሰማ፣ በጣቱ የቦዩ ጭቃ ላይ መስመር ያሰምር ነበር። አንድ ጊዜ አስቁሞኝ የሦስተኛውን ድንጋይ ጥላ አስደገመኝ።

"የሚጠብቀውም የሚያከፋፍለውም ሰው የለ" አለ በመጨረሻ።

"ማንም የለ" አልኩት።

በሁለታችንም በኩል በቆሎአችን ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። አባቴ አላየውም። እኔን ነበር የሚያየው።